ወይን ጠጅና የማር ጠጅ፤ ለጀማሪ የሚሆን ታሪካዊ ማስታወሻ

ጥር 12 ቀን፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቃና ዘገሊላን በዓል ታከብራለች። የዕለቱ ወንጌል በአንድ ሠርግ ቤት የወይን ጠጅ ማለቁን፣ በስድስት የድንጋይ ጋኖች የተሞላው ውሃ ወደ ወይን ጠጅ መለወጡን፣ የድግሱም አለቃ ቀምሶ መደነቁን ይተርካል። በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሉማሜ እንደ ሌላው የደጋ አገር ሁሉ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ፣ ይህን ወንጌል በጧት የሰማ ምእመን ከሰዓት በኋላ ራሱ ሠርግ ቤት ይገኛል። ዳሩ ግን በዚያ ቤት በብርሌ የሚቀርብለት የማር ጠጅ እንጂ የወይን ጠጅ አይደለም። ወንጌሉ ስለ አንዱ ይናገራል፤ ድግሱ በሌላው ይደምቃል፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱንም «ጠጅ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ለሙሽሮቹ ክብር ሲሉ ጥቂት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዘው መጥተው ነበር። ከጎልማሶቹ አንዱ ከፍቶ ከቀዳ በኋላ የድግሱን ጠጅ ወደ ጣሉት አሮጊት ቀርቦ፣ «እስቲ እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱት» ብሎ ብርጭቆውን ሰጣቸው። እርሳቸውም አሽትተው፣ ጥቂት ፉት ብለው፣ በምላሳቸው ካገላበጡት በኋላ፣ «ጌሾው በዝቶበታል ልጄ፤ ቢቈይ ግን ይለዝብ ነበር» አሉ። በዙሪያቸው የነበረው ሰው ሣቀ። በወይን ጠጅ ውስጥ ጌሾ እንደማይገባ ጎልማሳው ያውቅ ነበርና እርሱም አብሮ ሣቀ።

ነገሩ ሲመረመር ግን ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። የቀመሱት መራራና አፍን ጨምድዶ የሚይዝ ጣዕም በእርግጥ በዚያ ወይን ጠጅ ውስጥ ነበረ፤ በጊዜ ብዛት የሚለዝብ መሆኑም እውነት ነው። የጎደላቸው ባዕድ ስሙን ማወቅ ብቻ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተነሣበትም ምክንያት ይኸው ነው። የማኅበራችን አባላት በእርሻ፣ በምግብ ዝግጅትና በመስተንግዶ ሥራ የተሰማራን እንደ መሆናችን መጠን ስለ ወይን ጠጅ መጠነኛ ዕውቀት እንዲኖረን ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህን ዕውቀት ከውጭ አገር እንደ መጣ እንግዳ ትምህርት ከመቀበላችን በፊት፣ ከፊሉ በገዛ ቤታችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ መሆኑን መገንዘብ ይገባናል። በገዛ ቤታችን ያለውም ዕውቀት ዛሬ በምን አደጋ ላይ እንደሚገኝ በመጨረሻ እንመለከታለን።

ስሙ የሚነግረን ነገር

«ወይን» እጅግ ያረጀ ቃል ነው። በግእዝ «ወይን»፣ በዕብራይስጥ «ያይን»፣ በጥንታዊ ግሪክ «ኦይኖስ»፣ በላቲን «ቪኑም» የሚባሉት ስሞች እርስ በርሳቸው ተዛማጅ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ተክሉና መጠጡ ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ስሙም አብሮ ተሻግሯል ማለት ነው። ግእዝ የወይንን መጠጥ «ወይን» ሲለው የማርን መጠጥ ደግሞ «ሜስ» ይለዋል፤ ሁለቱን በስም ለይቶ አስቀምጧቸዋል። አማርኛ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የማሩን መጠጥ «ጠጅ» ካለ በኋላ የወይኑን «ወይን ጠጅ» አለው፤ ይኸውም ከወይን ፍሬ የተጣለ ጠጅ ማለት ነው።

ይህ አሰያየም ከሥራው ባሕርይ ጋር የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። የቤት እመቤቶቻችን ጠጅንና ጠላን ሲለዩ በጣዕማቸው ብቻ አይደለም። ጠላ ብቅል ይፈልጋል። የገብሱ ወይም የሌላው እህል ፍሬ የያዘው ስታርች እንጂ ስኳር አይደለም፤ ስታርቹ አስቀድሞ በብቅሉ ኃይል ወደ ስኳር ካልተለወጠ በቀር ሊፈላ አይችልም። ስለዚህ ጠላና ቢራ የአንድ ወገን መጠጦች ናቸው። ማርና የወይን ፍሬ ግን ስኳራቸውን ከነተፈጥሯቸው ይዘውት ስለሚገኙ ብቅል አያሻቸውም። ወይንን በጠጅ ወገን የመደበው የአማርኛ ስም የዛሬው የምግብ ሳይንስ ከሚሰጠው ምደባ ጋር አንድ ነው።

ከስኳር ወደ አልኮል

ወይን ጠጅ ምንድን ነው ለሚል ጀማሪ መልሱ አጭር ነው፤ የፈላ የወይን ፍሬ ጭማቂ ነው። የሚያፈላው እርሾ የሚባለው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ሲሆን፣ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጠጅ በጋን ውስጥ ሳለ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው አረፋ ይኸው አየር ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባደረጋቸው ምርምሮች ይህ ሥራ የሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ስለ ወይን ጠጅ ብልሽት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት የቦርዶው ወይን ጠማቂም ሆነ የጎጃሟ ጠጅ ጣይ ምክንያቱን ሳያውቁ ውጤቱን የሚያውቁ፣ በልምድ የሚመሩ እኩያ ባለሙያዎች ነበሩ።

የመጠጡ ብርታት በስኳሩ መጠን ይወሰናል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ይሰጣል። በሚገባ የበሰለ የወይን ፍሬ በሊትር 200 ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ስኳር ስለሚይዝ፣ ስኳሩ ፈልቶ ሲያልቅ 12 ወይም 13 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ይሆናል። እንግዲህ አንባቢ ይህን ስሌት ወደ ጠጅ ያዙረው። ማር ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ አንድ ሊትር ማር ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጠጅ ጣይዋ አንድ ስፍር ማር በአራት ስፍር ውሃ ስትበጠብጥ በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ ውስጥ 220 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። ይህም የበሰለ የወይን ፍሬ ከሚይዘው ስኳር ጋር ተቀራራቢ ነው። በአንድ ለሦስት ብትበጠብጠው ከዚያ ይወፍራል፤ በአንድ ለአምስት ብታደርገው ይቀጥናል። ሚዛንም ሆነ የስኳር መለኪያ ሳይኖራት በምላሷና በዓይኗ ብቻ ልክ የወይን ፍሬ በሚቆምበት ቦታ ላይ ትቆማለች ማለት ነው።

ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ሲለወጥ መጠጡ ጣፋጭነቱን ያጣል። ይህን ዓይነቱን ወይን ጠጅ አውሮጳውያን «ደረቅ» ብለው ይጠሩታል። ጀማሪው በዚህ ቃል ይደናገራል፤ ፈሳሽ የሆነ ነገር እንዴት ደረቅ ይባላል ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን በጠጅ ቤቶቻችን ደንበኛው ሲያዝ «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ እንደሚመርጥ የማያውቅ የለም። ለስላሳው ብዙም ያልፈላ ጣፋጭ፣ ደረቁ ፈልቶ ያለቀለት ብርቱ ጠጅ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አንድን ጣዕም በአንድ ቃል ጠርተውታል።

የቀይና የነጭ ወይን ጠጅ ልዩነትም በቀላሉ ይገባል። የአብዛኛው ወይን ፍሬ ጭማቂ፣ የፍሬው ልጣጭ ጥቁር ቢሆንም እንኳ፣ ቀለም የለውም። ቀለሙ ያለው በልጣጩ ነው። ጭማቂው ከልጣጩና ከዘሩ ጋር አብሮ ሲፈላ ቀይ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ አስቀድሞ ከልጣጩ ተለይቶ ለብቻው ሲፈላ ነጭ ይሆናል፤ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ከልጣጩ ጋር ቈይቶ ሲለይ ደግሞ ሮዝ መልክ ይይዛል። ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው ቀለም ብቻ አይደለም፤ ታኒን የሚባል ነገርም አብሮ ይወጣል። በጣም የወፈረ ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፍን ጨምድዶ የሚይዘው በዚሁ በታኒን ምክንያት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ገና ልጅ ሳለ ታኒኑ ይጎላል፤ በበርሜልና በጠርሙስ ሲቈይ ይለዝባል። በሠርጉ ላይ አሮጊቷ «ጌሾው በዝቶበታል» ያሉት ይህንኑ ነበር። በጠጅ ውስጥ የጌሾው እንጨት ምረት ሰጥቶ ጣፋጩን ማር ያመዛዝናል፤ መጠጡን የሚያበላሹ ጥቃቅን ሕያዋንንም ለመግታት ይረዳል። በወይን ጠጅ ውስጥም የታኒኑ ተግባር ተመሳሳይ ነው፤ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ዕድሜውንም ያረዝምለታል።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት እንጨምር። ነጭ ወይን ጠጅ ከ8 እስከ 12፣ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ሲቀርብ ጣዕሙ ይታወቃል። ቀይ ወይን ጠጅ «በክፍሉ ሙቀት» ይቅረብ የሚባለው ደንብ የወጣው ለቀዝቃዛ የአውሮጳ ቤቶች ስለሆነ በሐሩር አገር አያገለግልም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ለምትገኘው ለሉማሜ ምሽት ግን በሚገባ ይስማማል። ብርጭቆው እስከ አፉ አይሞላም፤ መዓዛው የሚሰበሰብበት ባዶ ስፍራ ሊኖረው ይገባል። የብርሌ ጠባብ አንገት ከሰፊ ሆዱ በላይ የተሠራው መዓዛን በሚጠብቅ መልኩ መሆኑን ልብ ይሏል። መጠኑም አይዘነጋ፤ 12 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ ከተለመደው ቢራ ከሁለት እጥፍ በላይ ይበረታል።

ወይን በኢትዮጵያ ታሪክ

ወይን ጠጅን በመሥራት ረገድ እስከ ዛሬ ከተገኙት ማስረጃዎች ቀደምት የሆነው የጆርጂያው ነው። በዚያ አገር በተቈፈሩ የሸክላ ጋኖች ውስጥ የተገኘው የወይን ቅሪት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 6,000 ዓመት ይደርሳል። የጆርጂያ ሕዝብ ዛሬም ወይን ጠጁን በምድር ውስጥ በተቀበረ ትልቅ ጋን ያፈላል፤ የዩኔስኮ ድርጅትም ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጋን መጥመቅ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚሉ ካሉ ይህን ይመልከቱ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ስለ ወይን ጠጅ ከሚናገሩት የጽሑፍ ማስረጃዎች ጥንታዊው በአንደኛው መቶ ዓመት አንድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ጉዞ የተወው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው በአዱሊስ ወደብ የሚራገፉትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅን ይጠቅሳል፤ መጠኑም ብዙ እንዳልሆነ ይናገራል። በኋላም በአክሱም ዘመነ መንግሥት በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በአይላ፣ ማለት በዛሬዪቱ አቃባ፣ የተሠሩ ባለ ሁለት ጆሮ የሸክላ ማሰሮዎች ወደ አዱሊስና ወደ አክሱም ይመጡ እንደነበር የመሬት ቁፋሮ አሳይቷል። እንዲህ ያሉት ማሰሮዎች በዚያ ዘመን የወይን ጠጅና የመሳሰሉት ሸቀጦች የባሕር ማጓጓዣ ነበሩ። «ብዙ አይደለም» የሚለው የነጋዴው ቃል ግን ለቀጣዩ ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ነው። ወይን ጠጅ በኢትዮጵያ የታወቀ፣ የተከበረ፣ ዳሩ ግን ሁልጊዜ ጥቂት የሆነ መጠጥ ነበር።

ክርስትና በአራተኛው መቶ ዓመት የመንግሥት ሃይማኖት ከሆነ ወዲህ ወይን ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የግድ አስፈላጊ ሆነ፤ ያለ ወይን ቅዳሴ የለምና። ነገር ግን የወይን ተክል በማይገኝበት ደጋ ሁሉ ትኵስ ፍሬ ማድረስ አይቻልም ነበር። መፍትሔው ዘቢብ ሆነ። የደረቀ ወይን አይበሰብስም፤ ሸክሙ ቀላል ነው፤ ተራራ ለተራራ ሊጓዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ካህናቱ ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፈውና ጨምቀው ለቅዳሴ ያዘጋጁ እንደነበር ጽፏል። ይህ ሥርዓት በሉማሜም ሆነ በሌላው የጎጃም አጥቢያ ዛሬም አልተለወጠም። ምእመናን ስለት ሲያገቡ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዘው ይሄዳሉ፤ መገበሪያው በቤተ ልሔም በዲያቆን እጅ ተዘጋጅቶ ወደ መቅደስ ይገባል። ጭማቂው ለአንድ ቅዳሴ ያህል ተለክቶ የሚዘጋጅ እንጂ ለማፍላት የሚቀመጥ አይደለም። እንግዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት የጎጃም ገበሬ በሕይወቱ የቀመሰው የወይን መጠጥ ይኸው በጽዋ የሚቀርበው ብቻ ነበር። ወይኑ የመሠዊያው፣ ማሩ የማዕዱ ድርሻ ሆነው ተከፋፈሉ።

ይህ ማለት የወይን ተክል በሰሜን ኢትዮጵያ ፈጽሞ አልታወቀም ማለት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ ወይን ይተከል እንደነበር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ያለፉ መንገደኞች መዝግበዋል። ይሁን እንጂ ተክሉ ከእነዚህ ጥቂት ስፍራዎች አልፎ የሕዝብ መጠጥ እስከ መሆን አልደረሰም።

ዝናቡና ንቡ

ለምን አልደረሰም? ምክንያቱ በአመዛኙ የአየር ጠባይ ነው። ወይን ፍሬውን የሚያበስልበት ጊዜ ፀሐያማና ደረቅ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በሚበስልበት ወራት ዝናብ ከመጣበት ፍሬው ውሃ ቋጥሮ ይፈነዳል፤ ሻጋታም ይወድቅበታል። እንደ አውሮጳ ያለ የሚያስተኛው ብርቱ ብርድ በሌለበት አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማቈጥቈጥ ስለሚፈልግ፣ የሚያርፍበትንና የሚያፈራበትን ጊዜ ገበሬው በመግረዝ ሊወስንለት ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከባድ ዝናብ የሚወርድበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያሰጋው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጮቄ ተራራ ሥር የሚገኝ አገር ለወይን አመቺ አይደለም።

ነገር ግን ወይንን የሚጎዳው ያው ዝናብ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፤ የኑግ ማሳው ቢጫ ይለብሳል፤ ንቡ ከመስከረም ጀምሮ ተግቶ ይሠራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ማሩ ይቈረጣል። ወይን በፍሬው ውስጥ የሚያጠራቅመውን የፀሐይ ስኳር በጎጃም ደጋ የሚሰበስበው ንብ ነው። ስለዚህ ጠጅ የወይን ጠጅ ምትክ ወይም አምሳያ አይደለም። የአገሩ መሬት፣ ዝናብና አበባ ለአገሩ ሰው የሰጡት የገዛ ራሱ ወይን ጠጅ ነው። የፈረንሳይ ሰው ስለ ወይን ጠጁ ሲናገር አፈሩንና ኮረብታውን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ጥሩ ጠጅ ጣይም ማሩ የየት አገር፣ የየትኛው አበባ እንደሆነ ሳትጠይቅ አትገዛም።

በታሪክም የክብሩ ስፍራ ተመሳሳይ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ማር ከግብር ዓይነቶች አንዱ ነበር፤ ጠጅ የመኳንንቱ መጠጥ ሲሆን ተራው ሕዝብ ጠላ ይጠጣ ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ ደብረ ማርቆስ የንጉሥ መቀመጫ ከተማ ሆነች። በእንደዚያ ያለ ግቢ ግብር ሲገባ የጠጁ ደረጃ እንደ ተቀማጩ ማዕረግ ይለይ ነበር፤ ምርጡ ለከፍተኛው መደብ፣ ቀጠን ያለው ለታችኛው ይቀዳል። የአውሮጳ ቤተ መንግሥት ወይን ጠጁን በዕድሜና በቦታ እንደሚለይ ሁሉ የእኛም መለየትን ያውቅ ነበር፤ ልዩነቱ የእኛው በጽሑፍ አለመስፈሩ ነው።

የፋብሪካው ዘመን

በፋብሪካ የሚዘጋጅ ወይን ጠጅ በኢትዮጵያ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት፣ ከኢጣልያኖች መምጣት ጋር ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የአገሩን ገበያ ይዞ ኖረ፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። በአርሲ በመርቲ የወይን እርሻ ነበረው። «ጉደር» የተባለው ቀይ ወይን ጠጁ ስሙን ያገኘው ከአምቦ በስተምዕራብ ካለችው ከጉደር ነው። ጉደር፣ ክሪስታልና አክሱማይት የሚሉትን ስሞች ከሥጋ ቤት እስከ ሠርግ አዳራሽ የማያውቃቸው የለም። ከዚያም የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ፣ በዛሬዪቱ ባቱ፣ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የአውሮጳ ዘሮች ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቀረበ። ስፍራው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አሸዋማ አፈር፣ የሐይቁ ውሃ፣ ከጎጃም ደጋ ያነሰ ዝናብና ብዙ ፀሐይ ያለበት አገር ነው። ጎጃም የማር አገር የሆነበትና ዝዋይ የወይን አገር ሊሆን የቻለበት ምክንያት አንድ ነው፤ ዝናቡ።

ስምን መጠበቅ

አሁን በመግቢያው ላይ ወደ ጠቀስነው አደጋ እንመለስ። አውሮጳውያን ስለ ወይን ጠጅ ያላቸውን ዕውቀት በሕግና በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ያስገደዳቸው ጥጋብ ሳይሆን ችግር ነው። ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን የወይን ተክል ከሥሩ አጠፋች። ወይን ጠጅ ሲጠፋ ገበያው በማታለያ ተሞላ፤ ከዘቢብ፣ ከስኳርና ከውሃ የተሠራ መጠጥ በወይን ጠጅ ስም ይሸጥ ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣ ሕግ ወይን ጠጅ ማለት ከትኵስ የወይን ፍሬ መፍላት ብቻ የሚገኝ መጠጥ ነው ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1905 ማታለልን የሚከለክል አጠቃላይ ሕግ ወጣ። ይህም ስላልበቃ እ.ኤ.አ. በ1907 የደቡብ ፈረንሳይ ወይን አምራቾች በብዙ መቶ ሺህ ሆነው አደባባይ ወጡ፤ ደም ፈሰሰ፤ መንግሥትም ስኳርና ውሃ መቀላቀልን የሚቈጣጠር ሌላ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ የየቦታው ስም በሕግ የሚጠበቅበት ሥርዓት ተቋቋመ። ዛሬ በጠርሙስ ላይ የምናነበው የቦታ ስም የዚህ ሁሉ ትግል ውጤት ነው።

የእኛ ጠጅ ዛሬ በዚያው ደረጃ ላይ ይገኛል። ማር ተወዷል። በብዙ ጠጅ ቤት በብርሌ የሚቀዳው መጠጥ ከፊሉ፣ አንዳንዴም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ከስኳር የተጣለና በቀለም የተዋበ ነው። ስኳርም ይፈላል፤ እርሾው ማርን ከስኳር አይመርጥም፤ አልኮሉም አንድ ነው። የሚጠፋው የአበባው መዓዛ፣ የአገሩ ጣዕምና የስሙ እውነት ነው። ጠጪው ከለመደው ደግሞ እውነተኛውን ሲቀምስ እንግዳ ይሆንበታል። በዚህ ላይ የከተማው ሠርግ ጠርሙስ ወይን ጠጅን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ሲያቀርብና ጠጁን ወደ ጓሮ ሲያወርድ፣ ጠጅ ጣይዋ ዕውቀቷን የምታስተላልፍለት ሰው ታጣለች። የወይን ፍሬ ቢጠፋ እንደገና ይተከላል፤ ፈረንሳይም እንዲሁ አድርጋለች። ያልተጻፈ ዕውቀት ግን ከያዘው ሰው ጋር ይቀበራል።

ከዚህ የምንማረው ወይን ጠጅን ንቀን ጠጅን እንድናመልክ አይደለም። ሁለቱንም በአንድ ዓይን እንድናውቅ ነው። ስለ ወይን ጠጅ የተጻፈው ትምህርት ጠጅን ለመመዝገብ መሣሪያ ሊሆነን ይችላል። ማሩ የየት አገር ነው፤ በየትኛው ወር ተቈረጠ፤ በስንት ስፍር ውሃ ተበጠበጠ፤ ጌሾው በስንተኛው ቀን ገባ፤ ስንት ቀን ቈየ፤ ጋኑ በምን ታጠነ፤ ቀለሙ፣ መዓዛውና ጣዕሙ እንዴት ነው? ይህን ጠይቆ በደብተር ማስፈር ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ አንድ የገጠር መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ በአንድ በጋ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ጠጅ ማለት ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የተጣለ ነው፤ ሌላው ሌላ ስም ይፈለግለት ብሎ ለመከራከር መሠረት ይኖረናል።

የሉማሜዋ እናት በዚያ ሠርግ ላይ ከወይን ጠጁ በኋላ አንድ ዘመድ ከሌላ ቤት ያመጣውን ጠጅ ቀምሰው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ፉት ብለው ብርሌውን አስቀመጡ። «ይህ ንብ አላየውም» አሉ። በዚህኛው ጊዜ የሣቀ አልነበረም።